ጽዋውን ይዤ ትንፋሽ ያጠረኝ ቀን

የማጫውታችሁ ነገር የሚያኮራ አይደለም። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ብሆን እንኳ ፊቴ ይግላል። ይሁን እንጂ እንደ እኔ ትንፋሹን ደብቆ የሚኖር ሰው ከመካከላችሁ አይጠፋምና፣ እየተሳቀቅኩም ቢሆን ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ዲያቆን ነበርኩ። ከገነተ ማርያም ወዲያ ማዶ፣ ከዓለት ሥር ባለች ትንሽ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አገለግል ነበር። በሥራ ቀን ደግሞ ላሊበላ ከተማ እየሄድኩ ከወይራ እንጨት የእጅ መስቀል እየቀረጽኩ ለእንግዳ እሸጣለሁ። ካገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ዝናሽ ትባላለች። አባቴም አያቴም ቄሶች ነበሩ፤ እኔም ከፋሲካ በኋላ ቅስና ልቀበል ስዘጋጅ ነበር። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ከአሁኑ "የእኛ ቄስ" እያለ መጥራት ጀምሯል።

ችግሩ ግን አስም ነበረብኝ። ሲጀምረኝ ምንነቱን አላወቅኩትም። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደሜ ሲታይ አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ ከልክ በላይ በዝቷል አሉኝ። እሱ ሕዋስ በእኛ አገር ብዙውን ጊዜ የሚበዛው በሆድ ትል ምክንያት ስለሆነ የትል ክኒን ሰጡኝ። ክኒኑ አልበቃ ሲል እናቴ ኮሶ አጠጣችኝ። የሌለብኝን ትል ሳባርር አንድ ክረምት አለፈ። በኋላ ሌላ ሐኪም ደረቴን አዳመጠና አስም መሆኑን ነግሮኝ፣ ሲያፍነኝ በአፌ የምስበውን መድኃኒት ሰጠኝ። ሰው "ፓፍ" የሚለውን ማለቴ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። እኛ ዘንድ የሚያስል ሰው ወዲያው "ሳንባው ነው" ይባልና ዋንጫው ይለይበታል። ካህን የሚሆን ሰው ደግሞ ሙሉ ጤነኛ መሆን አለበት ሲባል ስለሰማሁ፣ ቢያውቁብኝ ቅስናዬን የሚከለክሉኝ መስሎኝ ነበር። የምታውቀው ዝናሽ ብቻ ነበረች። ፓፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የምትይዝልኝም እሷ ነበረች።

ያ ቀን በዐቢይ ጾም ውስጥ የዋለ የሚካኤል በዓል ነው። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ የሚያበቃውም ፀሐይዋ ዘወር ስትል ነው። እስከዚያ ድረስ ቀዳሹ ውኃ እንኳ አይቀምስም። ለመቀደስ ሦስት ካህናትና ሁለት ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። ደብራችን ድሃ ናት፤ ያሏት አገልጋዮች ልክ አምስት ነበሩ። አንዳችን ከጎደልን ቅዳሴ የለም ማለት ነው።

ጠዋት ስደርስ መምሬ አስረስ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። የደብራችን ዋና ካህንና የንስሐ አባቴ ናቸው። ቁጡ ናቸው፤ ቁጣቸው ግን ቶሎ ይበርዳል።

"መሰለ፣ ከፈንታ ጋር ሆናችሁ ምንጣፎቹን አውጡና አራግፏቸው። ዛሬ የማዶ ሰዎችም ይመጣሉ" አሉኝ።

"እሺ መምሬ።"

ፈንታ ሁለተኛው ዲያቆን ነው። ምንጣፎቹ ያሉት ከዓለቱ በተፈለፈለ ጠባብ ዕቃ ቤት ውስጥ ነበር። ከጥምቀት ወዲህ ማንም አልነካቸውም፤ የሌሊት ወፍም ሰፍሮበት ከርሟል። አቧራ ጠላቴ መሆኑን አውቃለሁ። "እኔ ሌላ ሥራ ልሥራ፣ ምንጣፉን ሌላ ሰው ያራግፈው" ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ለምን ቢሉኝስ ብዬ ዝም አልኩ። ፈንታ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ደጅ አወጣነውና ማርገፍገፍ ጀመርን። አቧራው ተነሥቶ ሁለታችንንም ሸፈነን።

ገና ሁለተኛውን ምንጣፍ ሳንጨርስ አፍንጫዬን ይበላኝ ጀመር። ዓይኔ አለቀሰ። ከዚያ ደረቴ በገመድ የተጠፈነገ ያህል ተጨመደደ፤ ውስጡም ማፏጨት ጀመረ። ለፈንታ "መጣሁ" ብዬው ከግንቡ ጀርባ ዞርኩና ተንበረከክኩ። አየሩ ይገባል፤ መውጣት ነው እምቢ የሚለው።

"መሰለ!"

ዝናሽ ናት። ከሴቶቹ ጋር ግቢውን ስትጠርግ አይታኝ ተከትላኝ መጥታለች። እየመጣች የነጠላዋን ቋጠሮ ትፈታ ነበር።

"እንካ፣ ቶሎ በል።"

"አይሆንም።"

"ምኑ ነው የማይሆነው?"

"ዛሬ እኔ ነኝ ቀዳሹ። በአፌ ምንም አይገባም።"

"ኧረ በሚካኤል! ይኼ ትንፋሽ ነው እንጂ እህል ነው እንዴ?"

"መድኃኒት ነው። ጉሮሮ ያርሳል። ከወሰድኩት አልቀድስም፤ እኔ ካልቀደስኩ ደግሞ ቅዳሴው ይታጎላል።"

"ማነው እንዲያ ያለህ?"

ማንም አላለኝም። ራሴው ፈርጄ፣ ራሴው የደነገግኩት ነው። መጠየቅ ማለት በሽታውን መናገር ስለሆነ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

"እንግዲያው መምሬን ልጠይቅልህ" ብላ ዞር አለች።

"ብትነግሪያቸው ዓይንሽን አላይም!"

ለመተንፈስ አቅም አጥቼ ይህን ለመናገር ግን አላጣሁም። ዝናሽ ቆም ብላ አየችኝ። ከዚያ መልሳ ፓፉን ቋጠረችው፤ አጠገቤም ተቀምጣ ጀርባዬን ታሻሽ ጀመር። እንዲያ ተቀምጠን ቆየን። ቀስ በቀስ ደረቴ ተፈታ። ፉጨቱም ቀረ። ሳል ብቻ ቀረኝ፤ እሱም ተወኝ።

"አየሽ? አለፈ" አልኳት። "የሚካኤል ቀን እኮ ነው!"

"እሰየው" አለች። ፊቷ ላይ ግን ደስታ አላየሁም።

እኔ ግን በደስታ አበድኩ። ጾሜን ስላልፈታሁ፣ ስለታመንኩ የተደረገልኝ ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። "ከዛሬ ጀምሮ ፓፍ የሚባል ነገር አያስፈልገኝም ይሆናል" እያልኩ ልብሰ ተክህኖዬን ለበስኩ። ከሁሉ ይልቅ የማፍረው በዚያች ኩራቴ ነው።

ቀትር ሲሆን ቅዳሴው ገባ። ቤተ ክርስቲያኗ ጢም ብላ ሞልታለች። መጀመሪያ ላይ ድምፄ እንደ ወትሮው ነበር። "ተንሥኡ" ስል ዓለቱ መልሶ ያስተጋባል፤ እኔም ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኛል። ከብዙ ሰዓት በፊት ያፈነኝ ነገር ከነመኖሩም ተረስቶኛል።

ከዚያ ረጅሙን የዲያቆን ንባብ ስጀምር፣ በአንድ ትንፋሽ የምወጣውን ዜማ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። ቀጥሎ ያለውን ሦስት ቦታ። ድካም ነው፣ ጾም ነው አልኩ። ጥቂት ቆይቶ ግን ያ ፉጨት ከደረቴ ሥር ሲመለስ ሰማሁት። አሁን የተነፈስኩት አቧራ የለም፤ ምንጣፉ ተራግፎ፣ መሬቱ በውኃ ረጥቦ ነው ሰው የገባው። "ከየት መጣ?" አልኩ በልቤ።

ፈንታ ጠጋ ብሎ "ምን ሆነሃል?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ጉሮሮዬ ደርቆ ነው።"

አዎ፣ መቅደስ ውስጥ ቆሜ ዋሸሁ። ያኔ እንኳ "ፈንታ፣ አንተ ቀጥል" ብለው የእኔን ድርሻ ይወስድልኝ ነበር። መምሬም አንድ ሁለቴ ዞር ብለው አይተውኛል። ዓይናቸውን ሸሸሁ። ሊያልቅ ነው፣ ትንሽ ነው የቀረኝ እያልኩ ራሴን እያባበልኩ እስከ ቁርባኑ ደረስኩ።

ሥርዓቱን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሥጋውን የሚያቀብለው ካህኑ ነው፤ ደሙን ደግሞ ጽዋውን ይዞ በማንኪያ የሚያቀብለው ዲያቆኑ ነው። መጀመሪያ እኛ ቀዳሾቹ ቆረብን። ከዚያ መጋረጃው ተገለጠና ቆራቢዎቹ ቀረቡ፤ ሕፃናት በእናታቸው እቅፍ፣ ከዚያ አረጋውያን። መምሬ ሥጋውን እያቀበሉ ያልፋሉ፤ እኔ ጽዋውን ይዤ እከተላለሁ።

ትከሻዬ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይነሣል። ሳሌ እየመጣ ነው። ከቆረብኩ በኋላ አክታ መትፋት እንደማይቻል አውቃለሁና ጥርሴን ነክሼ መለስኩት። ሲመለስ ይብሱን አየሩን ዘጋው። ከፊቴ አንዲት ሴት ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ማንኪያውን ወደ ጽዋው ስሰድ ጽዋው ውስጥ ያለው ሲናወጥ አየሁ። ከዚያች ቅጽበት የከፋ ፍርሃት በሕይወቴ አላውቅም። መሞቴን አልፈራሁም። ጽዋውን መድፋቴን ነው የፈራሁት። ደግሞም "እርዱኝ" ለማለት አንዲት ቃል የሚያወጣ አየር አልነበረኝም።

"መምሬ! ጽዋውን ይቀበሉት! መሰለ ሊወድቅ ነው!"

በቅዳሴ መካከል፣ በዚያ ጸጥታ፣ ከሴቶቹ በኩል። የዝናሽ ድምፅ ነው። ሰዉ ሁሉ ዞረ። መምሬ ሥጋውን ይዘዋልና እጃቸውን ሊዘረጉ አልቻሉም፤ ከጎናቸው የነበሩት ሁለተኛው ካህን አባ ወልዴ ግን በአንድ እርምጃ ደርሰው በሁለት እጃቸው እጄንም ጽዋውንም ጨብጠው ያዙ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ነው ያላቀቁኝ። ጠብታ አልፈሰሰም። ያን ሳይ ወደቅኩ።

ፈንታ ጎትቶ ወደ ውስጥ አስገባኝና መጋረጃው ወረደ። አባ ወልዴ ቁርባኑን ቀጠሉ። መምሬ የያዙትን ለሦስተኛው ካህን አስረክበው በላዬ ተንበረከኩ። ከንፈሬ ጠቁሯል አሉ፤ በኋላ ነው የነገሩኝ።

ዝናሽ ወደ መቅደሱ መግባት አትችልም። ከመጋረጃው ሥር እጇ ብቻ ገባ። ፓፉን ይዟል።

"መምሬ፣ አስም አለበት! ይኼን ይስጡት!"

ፈንታ ተቀብሎ ለመምሬ ሰጣቸው። መምሬ ገለበጡት፣ አገላብጠው አዩት።

"ይኼ በየት በኩል ነው ልጄ?"

"መጀመሪያ ያናውጡት! ክዳኑን ይንቀሉት! አፉ ውስጥ ይክተቱለትና ሲስብ ከላይ ይጫኑት!"

እኔ አፌን ገጥሜ ራሴን ነቀነቅኩ። ገና መቁረቤ ነው፤ ይህ ነገር በአፌ እንዴት ይገባል? አሁን ስጽፈው ዕብደት ይመስላል፤ ያኔ ግን ያለቀልኝ ሰው ሆኜ እንኳ የማስበው እሱን ነበር። መምሬ ነገሩ ገባቸው። ፈንታን ከቁርባን በኋላ አፍ የሚታጠብበትን ጠበል አስቀዱትና በጣታቸው አፌን ፈልቅቀው አንድ ጉንጭ አስዋጡኝ።

"አሁን ክፈት።"

ራሴን ነቀነቅኩ።

"የንስሐ አባትህ ነኝ፣ አዝዤሃለሁ! ክፈት አፍህን!"

ከፈትኩ። መምሬ ከመጋረጃው ወዲያ ባለችው ሴት ቃል እየተመሩ፣ እሳት እንደሚጭሩበት ቡላድ በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ መድኃኒቱን ነፉልኝ። "አሁን ያዝ በለው! አሁን ይድገሙት!" ትላለች እሷ፤ ግራ ገብቷት አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ ፈንታን ታዛለች። ትንሽ አየር ገባ። ለመዳን የሚበቃ ግን አልነበረም።

በቃሬዛ ነው ያወጡኝ። ሰዉ ግቢው ውስጥ ቆሞ ያየኛል። እኔ በጎኔ ተኝቼ እያፏጨሁ፣ ከአጠገቤ የቆሙ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ እሰማለሁ።

"በቅዳሴ ላይ ሴት ስትጮህ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?"

"ጉድ እኮ ነው! ጽዋው ፊት!"

"እሷ ጮኻበት ደንግጦ ነው የወደቀው። ደኅና ይቀድስ አልነበር?"

ዝናሽ ቃሬዛውን ተከትላ እየሄደች ይህን ሁሉ ሰምታለች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችው። "አይደለም፣ ያዳነችኝ እሷ ናት" ለማለት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ፉጨት ብቻ ነው። እኔ ያልተናገርኩትን ነገር ተሸክማ፣ እኔ ልናገር በማልችልበት ሰዓት ስትሰደብ ዓይኔ እያየ አለፈ።

እስከ መኪና መንገዱ በቃሬዛ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ላሊበላ ሆስፒታል አደረሱኝ። ኦክስጅን ተደረገልኝ፣ በጭንብል መድኃኒት ሰጡኝ፣ መርፌም ተወጋሁ። ሲመሽ መናገር ቻልኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወንበር ስቦ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ።

"ዛሬ ጠዋት አፍኖህ ነበር?"

"አፍኖኝ ነበር። ግን በራሱ አለፈ።"

"ከስንት ሰዓት በኋላ ተመለሰ?"

"ረፋድ ላይ አልፎ ቅዳሴው መካከል ተመለሰ። ግን ዶክተር፣ ከሰዓት በኋላ እኮ አቧራ አልነካኝም።"

"አያስፈልግም ነበር" አለኝ። "ጥሪው የተላለፈው ጠዋት ነው።"

አልገባኝም። እሱም በትዕግሥት አስረዳኝ፤ እንደገባኝ ልንገራችሁ። አቧራው እንደገባ መተንፈሻ ቧንቧዬ ውስጥ ተኝተው የሚጠብቁ ሕዋሳት ፈነዱ፤ ያ ነው ጠዋት ያፈነኝ። እሱ ለብቻው ቶሎ ያልፋል። ነገር ግን ያን ጊዜ እነሱም የቧንቧው ግድግዳም ወደ ደሜ የኬሚካል መልእክት ይልካሉ። መልእክቱ የሚጠራው አንድ ዓይነት ነጭ የደም ሕዋስ ነው፤ ያ ክሊኒኩ በዝቷል ያለው፣ በትል የተጠረጠረው። ሕዋሱ በደም ሲዞር መልእክቱ ሲደርሰው ከደም ሥሩ ሾልኮ ይወጣና፣ መልእክቱ ወደበረታበት አቅጣጫ እየተሳበ ሳንባ ይደርሳል። መንገዱ ሰዓታት ይፈጃል። ሲደርስም ትል ለመግደል የተሰጠውን መርዝ ትል በሌለበት ቦታ፣ በራሴው ሥጋ ላይ ያፈሰዋል።

"እንደ እሪታ ነዋ!" አልኩት።

"እንዴት?"

"አገር ቤት አንድ ሰው ቤቱ ጭስ ሲያይ ኡ ኡ ይላል። እሳቱ ወዲያው ይጠፋል። ጩኸቱ ግን ተሰምቷል፤ የማዶው ሰው ዱላውን ይዞ ጉዞ ጀምሯል። ከሰዓት ሲደርስ እሳት የለም፤ ግን ሰዉ ብዙ ነውና አዝመራውን ረግጦት ያርፋል።"

ሐኪሙ ሳቀ። "በጣም ልክ ነህ። ጠዋት ፓፉን ብትወስድ ቧንቧው ይከፈትልህ ነበር። ጥሪውን ግን እሱ አያቆመውም። ጥሪውን የሚያበርደው ሌላ መድኃኒት ነው፤ በየቀኑ፣ ሳያምህም ጭምር የምትስበው። ማታና ጠዋት። ለምንድነው እስካሁን ክትትል ያልጀመርከው?"

ዝናሽ እግርጌ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አላየችኝም። "አፍሬ" አልኩት። ከዚህ ሌላ ምን እላለሁ?

ከሆስፒታል ወጥቼ መጀመሪያ የሄድኩት መምሬ ዘንድ ነው። ቀኖና ይስጡኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አነሡኝና አፈጠጡብኝ።

"ለየትኛው ጥፋትህ ነው ቀኖና የምትፈልገው?"

"ጽዋውን ይዤ ለወደቅኩት።"

"መታመም ኃጢአት ነው ያለህ ማነው? መድኃኒት እንዳትወስድ የከለከልኩህ እኔ ነኝ? ጠይቀኸኛል?"

"አልጠየቅኩዎትም መምሬ። ቅዳሴው ይታጎላል ብዬ ነው።"

"ይታጎላ!" አሉ፤ ቤታቸው ተናጋ። "ክረምት ወንዙ ሞልቶ ካህን መሻገር ሲያቅተው ስንቱን በዓል ጸሎት አድርሰን ሕዝቡን አሰናብተናል? በዚያ ማን ሞተ? አንተ ግን መቅደስ ውስጥ ልትሞትብኝ ነበር። ለዚያች ልጅ ምን ብዬ ልነግራት ነበር? ቅዳሴው እንዳይታጎል ባልሽን ገደልነው ልበላት?"

ቁጣቸው እንደ ልማዱ በረደና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ቀኖናህ ይኼ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመህ ዝናሽ ለምን እንደጮኸች አንተው ራስህ ትናገራለህ። እኔ አልናገርልህም።"

እሑድ ደረሰ። ሕዝቡ ከመበተኑ በፊት ደጀ ሰላሙ ላይ ቆምኩ። ከዚያ ቀን ይልቅ ቃሬዛው ይሻለኝ ነበር። ፊት ለፊቴ አክስቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ "የእኛ ቄስ" የሚሉኝ ሁሉ ቆመዋል። እነዚያ ሁለት ሴቶችም አሉ።

"አስም አለብኝ" አልኩ። "ደብቄያችሁ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ጠዋትም አፍኖኝ ነበር፤ ባለቤቴ መድኃኒት ውሰድ ብላ ስትለምነኝ እምቢ ብያታለሁ። ልንገርልህ ስትለኝም አስፈራርቻታለሁ። እሷ የጮኸችው እኔን ለማስደንገጥ አይደለም። እኔ ወድቄያለሁ፤ ጽዋው እንዳይወድቅ ነው የጮኸችው።"

አንድ ሽማግሌ "እግዜር ይማርህ" አሉ፤ ሌላውም ተቀበለ። እንደፈራሁት ሰማይ አልተደፋም። ዓይኔ ግን ከሴቶቹ መካከል ዝናሽን ሲፈልግ አጣት።

ያገኘኋት ከቅጽሩ ውጪ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ውስጥ አልገባችም ነበር፤ እኔ አላወቅኩም። ለካ ያን ዕለትም ከእኔ ጋር ከቤት ወጥታ ከውጪ ነበር ያስቀደሰችው። መምሬም ከኋላዬ ደረሱ።

"ልጄ፣ ተነሺ ግቢ። የሚያሳፍርሽ ነገር የለም" አሏት።

ተነሥታ መስቀላቸውን ተሳለመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ተናገርክ?"

"ተናገርኩ። ማሪኝ፣ ዝናሽ። አፍሬ ነበር።"

"አንተ ያፈርከው ዝም ብለህ ነው" አለችኝ። "እኔ ግን ለእናትህ 'ብርድ መቶት ነው'፣ ለጎረቤት 'እንጨቱ እየሸተተው ነው'፣ ለመምሬ 'ደኅና ነው' እያልኩ ስዋሽልህ ነው የኖርኩት። ስቆርብም አፍሬ፣ ሳልቆርብም አፍሬ። አንተ በሽታህን ነው የደበቅከው። እኔ ምኔን እንደደበቅኩ አስበህ ታውቃለህ?"

መምሬ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ቅስናውን በዚያ ዓመት አልተቀበልኩም፤ በሚቀጥለው ዓመት ተቀበልኩ። የሚገርማችሁ፣ ስለ ሳንባዬ ማንም አልጠየቀኝም። የየቀኑን መድኃኒት ማታ ከመተኛቴ በፊትና ጠዋት፣ በቅዳሴ ቀን ደግሞ ቅዳሴ ሲወጣ እስባለሁ። አፍኖኝ ፓፍ የወሰድኩ ቀን አልቀድስም፤ አጎራባች ደብር ካህን እንለምናለን፤ ካልተገኘም ጸሎት አድርሰን ሰዉን እናሰናብታለን። ምንጣፍም አላራግፍም።

አንባቢዎቼ፣ ይህን የምታነቡ ከመካከላችሁ በሽታውን እንደ ስርቆት ዕቃ የሚደብቅ ካለ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያፈናችሁ ነገር ሲያልፍ ያለፈ አይምሰላችሁ፤ ጥሪው ሄዷል፣ የተጠሩትም መንገድ ላይ ናቸው። ሐኪም ጋ ሂዱ። ስለ ኀፍረቱ ግን የምመክራችሁ የለኝም፤ እኔንም አልተወኝም። የተሻለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዛሬ ሳስል ሰው "ምን ሆነው ነው?" ብሎ ዝናሽን ሲጠይቃት፣ እሷ አፏን ሳትከፍት ቀድሜ የምመልሰው እኔ ነኝ።